የአድማሴ ጥሩምባና አንቀጽ ሰባት

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ሦስት ሰዎች መጥተው የግቢዬን በር አንኳኩ። አንዱ የእድር ዳኛ፣ አንዱ ጸሐፊ ነው፤ ሦስተኛው ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ ሲያዩት ግን ዝም ብሎ ጉዞ የሚወድ ሰው ይመስላል። «መምህር እንግዳው እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «የእድራችሁን አንቀጽ ሰባት ልንገለብጥ ነው የመጣነው። የጻፉት እርስዎ ነዎት ብለውናል።»

አልዋሽም፣ ክብሩ ጣመኝ። እዚሁ እንጅባራ ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኔን ጽሑፍ ልገልብጥ ብሎ የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ ተማሪዎቼ እንኳ የሚገለብጡት እርስ በርሳቸው ነው። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፤ ከሳጥን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ጸሐፊያቸው መነጽሩን አድርጎ መገልበጥ ሲጀምር ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው፣ ሐሳቡ ግን የኔ አይደለም። እንዲያውም አንቀጹ ሲረቀቅ ጠረጴዛ እየደበደብኩ የተከራከርኩት እኔው ነኝ።

«ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ የማን እንደሆነ እወቁት። ይህ የጥሩምባ ነፊያችን የጋሼ አድማሴ ነው።» ሦስቱም ተያዩ። ከጥሩምባ ነፊ ደንብ ይወጣል ብለው አልጠበቁም። ለነሱ የነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጋሼ አድማሴ ቀርቀሃ ሠሪ ናቸው። የተወለዱት ግምጃ ቤት አጠገብ ካለ ገጠር ነው፤ በወጣትነታቸው እንጅባራ ገብተው ከዋናው መንገድ ዳር ወንበርና አልጋ፣ የዶሮ ቤትና አጥር እየሠሩ ልጆች አሳደጉ። ቤታቸው ውስጥ በአውንጊ ያወራሉ፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ፤ ሲናደዱ ሁለቱንም ይጠቀማሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ድምፃቸው ግን ሰፈር ይሞላል። ምስጢር ሊነግሩኝ ሲመጡ ሚስቴ ተነስታ መስኮቱን ትዘጋለች።

በዚህ ድምፅ የተነሳ ነው እድሩ ጥሩምባውን የሰጣቸው። ሰው ሲያርፍ ማለዳ ይወጣሉ፣ በየመስቀለኛው መንገድ ቆመው ሦስት ጊዜ ይነፋሉ፣ ከዚያ ይለፍፋሉ። ባጃጁ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጋሪ ነጂው ልጓም ይይዛል፣ ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል። ለፈፋው እስኪያልቅ አንድ እግር አይንቀሳቀስም። ካድሬም መምህርም ከዚህ ሕዝብ ይህን ያህል ጸጥታ አግኝተው አያውቁም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ይህንኑ ጸጥታ አንድ ቀን አበላሹት።

በ2003 ዓ.ም. ሽባባው የሚባል የሰፈራችን ጎረምሳ ሁለት ቀን «ራሴን» ብሎ በሦስተኛው ሞተ። ድንጋይ የሚፈነቅል ጤነኛ ልጅ ነበር። ጤነኛ ልጅ ሲሞት ሰው ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ሲጠፋበት ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ከወንዙ ማዶ ውብአየሁ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። በሷ ድስት ወጥ የማይሠራ ቤት አልነበረም፤ ልጅ ታቅፎ በደጇ የሚያልፍ ግን የልጁን ፊት ይሸፍናል። ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ይበላል የሚባለው ወሬ ከኛ በፊት የነበረ ነው። እኔ ራሴ ጠዋት ክፍል ውስጥ «ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» ብዬ አስተምሬ፣ ከሰዓት በኋላ ውብአየሁ ሰላም ስትለኝ እርምጃዬን የማፈጥን ሰው ነበርኩ።

የዚያን ዕለት ጋሼ አድማሴ እንደወትሮው ወጥተው ሦስት ጊዜ ነፉ። «ሽባባው አርፏል፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» ካሉ በኋላ ለቅሶ ቤት የሰሙትን ጨመሩበት። «ተበልቶ ነው!» አሉ። ይህችው ናት። ማን እንደበላው አልተናገሩም፣ መናገርም አላስፈለጋቸውም። ከቀብር የተመለሰው ሰው እጁን ሳይታጠብ ወንዙን ተሻገረ። ውብአየሁና ልጆቿ ገበያ ስለነበሩ ነፍሳቸው ተረፈች። ቤታቸው ግን ከነሸክላው ከነእህሉ ነደደ።

በወሩ የጤና ባለሙያ መጥቶ ልጁን የገደለው ማጅራት ገትር እንደሆነ ነገረንና ሁላችንንም አሰልፎ ከተበን። ከሰልፉ ፊት የቆሙት ቤት ያቃጠሉት ናቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከነሱ ኋላ ቆሜ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ክንዴን የዘረጋሁት እኔ መሆኔን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

ጋሼ አድማሴ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «የውብአየሁን ቤት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ እሰሩኝ» አሉ።

«ቤቱ ሲቃጠል የት ነበሩ?» አላቸው ፖሊሱ።

«መቃብሩ ላይ።»

«ክብሪቱን ማን ጫረው?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ጥሩምባ ነፉ ብዬ ላስርዎ?» ብሎ ሳቀባቸው።

ተመለሱና ጋሪ ሙሉ ቀርቀሃ ጭነው ወንዙን ተሻገሩ። ሦስት ወር ሙሉ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ቀርቀሃ ሰንጥቀው፣ ግድግዳ አቁመው ቤት ሠሩላት። ውብአየሁ በነዚያ ሦስት ወራት አንድም ጊዜ አላናገረቻቸውም፤ ውኃ በጣሳ አምጥታ ታስቀምጥና ትሄዳለች። ጣራው ተመትቶ ሲያልቅ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«ቤቱን ሠርተውልኛል» አለቻቸው። «አፍዎንስ ማን ይሠራልኛል?»

በማግስቱ ማለዳ እኔ ቤት ነበሩ። ሚስቴ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። «መምህር» አሉኝ፣ «አፌን የሚይዝ ደንብ ጻፍልኝ።»

አንቀጹ ሦስት ነጥብ አለው። የመጀመሪያውን በደስታ ጻፍኩ። ጥሩምባ ነፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት፣ የቁፋሮ ተረኞችን ስም ብቻ ይናገራል፤ በምን እንደሞተ አይናገርም፤ ገደለ የሚባል ሰው ካለ የሰውየው ስም ለፖሊስ ይነገራል እንጂ በአደባባይ አይለፈፍም ይላል።

ሁለተኛው ላይ ተጣላን። በሰፈሩ ሦስት ወር የኖረ ሁሉ፣ ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ ከየትም ይምጣ፣ ምንም ይሥራ፣ አባል ነው፤ ተራው ሲደርስ መቃብር ይቆፍራል፣ ሲሞትም ይቀበራል በል አሉኝ። «ተከራይ ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል! እድር ሆቴል ነው እንዴ?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

«ውብአየሁ ስንት ዓመት ኖራለች?» አሉኝ።

«ከተወለደች ጀምሮ።»

«አባል ነበረች?»

«አልነበረችም።»

«የሽባባው ቀብር ላይ ከኛ ጋር ቆማ አልቅሳ ቢሆን፣ አብራን ከመቃብር ብትመለስ፣ በምን እጃችን ነበር የምናቃጥላት?» አሉ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ጻፍኩ።

ሦስተኛው ከሁሉም ከበደኝ። በዘሩ፣ በሥራው ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት በአባል ላይ እጁን ያነሳ ሰው፣ እሱም ቤተሰቡም በእድሩ አይቀበሩም ይላል። «ቤተሰቡ ምን አጠፋ?» ብዬ ጮህኩ። «ወጣት የራሱን ሞት አይፈራም» አሉኝ፤ «የአባቱ ሬሳ ቤት ውስጥ ቀርቶ ሲያይ ግን ይፈራል።» ዛሬም ይህችን ነጥብ ሙሉ በሙሉ አልወደድኳትም፤ ለዳንግላዎቹም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። የሆነው ሆኖ ጠቅላላ ጉባኤው እጁን አንስቶ አጸደቀው። መቼም አይሠራበትም ብሎ ስላሰበ ይመስለኛል። በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ውብአየሁ ሆነች።

ዓመታት አለፉ። ከተማው ኮብልስቶን ማንጠፍ ሲጀምር ለድንጋይ ጠረባ ከቆላ አራት ወጣቶች መጡ። ጉሙዞች ናቸው። ከኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ፣ ጎረቤቴ ሽታዬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። አበረ የሚባለው አማርኛ ያቀላጥፋል፤ ሌሎቹ ሲጨንቃቸው እሱን ያያሉ። ሦስት ወር ሲሞላቸው ጋሼ አድማሴ ከድንጋይ ክምር ላይ አንስተው አመጧቸውና «መዝግባቸው» አሉኝ። መዘገብኩ። ደንብ ነው፣ ምን ላድርግ።

የቁፋሮ ተራቸው ሲደርስ ግን ዘለልኳቸው። እንደገና ደረሰ፣ እንደገና ዘለልኩ። «የሟች ቤተሰብ ቅር ይለው ይሆናል» እያልኩ ለራሴ መልስ እሰጣለሁ። ቅር አለኝ ያለ ቤተሰብ የለም፤ ቅር ያለኝ እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ዘለልኩ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ይኸነው ልምጣ። ይኸነው የጋሼ አድማሴ የእህት ልጅ ነው። እናቱ እትዬ እንቁ ግምጃ ቤት ይኖራሉ፤ ልጁ ግን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያደገው እዚሁ እንጅባራ አጎቱ ቤት ነው። እኔም ሒሳብ አስተምሬዋለሁ፣ አልገባውም። እጁ ግን ወርቅ ነበር፤ ያልጠገነው ባጃጅ የለም። ኋላ ከጫግኒ ወደ ቆላ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ።

በ2011 ዓ.ም. ቆላው በኩል ሰላም ጠፍቶ ነበር። ከዚያም ሰው ይሞታል፣ ከዚህም ሰው ይሞታል፤ ስልክ ሁሉ የሬሳ ፎቶ መያዣ ሆነ። ሚያዝያ ላይ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ለጋሼ አድማሴ ተደወለ። በዋዜማው መኪናው ላይ ተተኩሶ ይኸነው ሞቷል። ሹፌሩ ቆስሎ ተርፏል፤ ማን እንደተኮሰ አላየም። አስከሬኑ በጫግኒ በኩል እየመጣ ነው፣ ከሰዓት ይደርሳል አሏቸው።

ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። ጋሼ አድማሴ ራሳቸው የሠሩት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥሩምባው ጭናቸው ላይ ነው። ዓይናቸው ደርቋል። «ዛሬ እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፤ ሌላ ሰው ይንፋ» አልኩ።

«ሌላ ሰው ከነፋ ምን እንደሚል አውቃለሁ» አሉኝ። «መዝገቡን ይዘህ ተከተለኝ።»

ገና ከግቢው ሳንወጣ ሃምሳ የሚሆን ወጣት በር ላይ ደረሰ። ከፊት ወርቅአየሁ አለ፤ ባጃጅ ነጂ ነው፣ የይኸነው አብሮ አደግ። ወሬውን ከቤተሰብ ቀድሞ በስልኩ አንብቦታል። ፊቱ በለቅሶ አብጧል፣ በእጁ ብረት ይዟል። ሁለት ፖሊሶች ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል፤ ለሃምሳ ሰው ሁለት!

«ጋሼ፣ ይንፉልን!» አለ ወርቅአየሁ። «ጉሙዞች ገደሉት ብለው ይንፉ። አራቱ ሽታዬ ግቢ ተኝተው ያድራሉ፣ የኛን ልጅ እየገደሉ የኛን እንጀራ ይበላሉ። እርስዎ ይንፉ እንጂ ሌላውን ለኛ ይተዉት።»

ወርቅአየሁ ጥሩምባው ሳይነፋ ወደ ሽታዬ ግቢ ለምን እንዳልሄደ ገባኝ። ያለ ጥሩምባ የሄደ ወሮበላ ይባላል። ጥሩምባ ከተነፋለት ግን የሄደው ሰፈሩ ነው፤ ማንም ለብቻው አይጠየቅም። ጋሼ አድማሴም ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንድም መልስ ሳይሰጡት በመካከላቸው አልፈው መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሙ። ጥሩምባውን አነሱ።

እንዲያ ሲነፉ ሰምቼ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ነፉ፤ በሦስተኛው ትንፋሻቸው የሚያልቅ መሰለኝ። ባጃጁ ሁሉ ጠፋ፣ ጋሪው ቆመ። ወርቅአየሁም ከነብረቱ ቆመ፤ ከሕፃንነቱ የለመደው ነውና እግሩ አልታዘዘውም።

«የእድራችን አባል፣ የእህቴ የእንቁ ልጅ፣ በኔ ቤት ያደገው ይኸነው አርፏል!» አሉ። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው! የቁፋሮ ተረኞች፣ ሽታዬ ግቢ የሚኖሩት አበረና ሦስቱ ጓደኞቹ ናቸው!»

ሰው ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ጩኸቱ ተነሳ። «ውሸት ነው! ተራቸው አይደለም! ጸሐፊው ይናገር!» አሉ። ሃምሳውም ሰው ወደኔ ዞረ። መዝገቡ ብብቴ ውስጥ ነው። ጋሼ አድማሴም አዩኝ፤ ዝላዬን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያውቁ እንደኖሩ ያኔ ገባኝ። ፈርቼ ነበር፤ አሁን አልደብቅም። አይ፣ ተሳስተዋል ብል ኖሮ ያ ሕዝብ ያመነኝ ነበር።

«ተራቸው ነው» አልኩ። ድምፄ ስላነሰ ደገምኩት። «ተራቸው ነው! ካለፈም ቆይቷል። ሦስት ጊዜ የዘለልኳቸው እኔ ነኝ።»

ወርቅአየሁ ብረቱን መሬት ላይ ደለቀ። «ገዳዮቹን መቃብሩን ያስቆፍራሉ? ለገዛ ልጅዎ?»

«የገደለው ማን ነው?» አሉት ጋሼ አድማሴ።

«ጉሙዝ ነዋ!»

«ጉሙዝ የአንድ ሰው ስም አይደለም። የተኮሰው ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው። ማን ይባላል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ!»

«እኔም አላውቅም። አጎቱ ነኝ፣ ያሳደግኩት ነኝ፣ ከሁላችሁ በፊት ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነኝ፣ ግን አላውቅም። ስሙ የታወቀ ቀን ፍርድ ቤት ከፊት ቆሜ ይፈረድበት እላለሁ፤ ያን ቀን አብረኸኝ ትቆማለህ። አበረ ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ እዚሁ ፊትህ ድንጋይ ሲጠርብ ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ የማላውቀውን ነገር በዚህ ጥሩምባ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ። የውብአየሁ ቤት ሲነድ አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁም ክብሪት ይዛችሁ ነበር። ሁለተኛ አልናገርም።»

ወርቅአየሁ አሁንም አልተመለሰም። ዓይኑ ሽታዬ ግቢ ላይ ነው። ጋሼ አድማሴ ጠጋ አሉትና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሰማኋቸው።

«አባትህ እንዴት አደሩ?»

ወርቅአየሁ ደነገጠ። አባቱ ከአልጋ ከዋሉ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ ሐኪሞቹም ቤት ይዋሉ ብለው መልሰዋቸዋል።

«አንቀጽ ሰባትን ስታጸድቅ እጅህን አንስተሃል፤ አይቼሃለሁ» አሉት። «ዛሬ በነዚያ ልጆች ላይ እጅህን ካነሳህ እኔ ለአባትህ ጥሩምባ አልነፋም። ማንም አይቆፍርላቸውም። ብቻህን ተሸክመህ ትወስዳቸዋለህ። እኔ አባትህን እወዳቸዋለሁ፣ እንዲህ አታድርገኝ።»

ቅድም ያልወደድኳት ያልኩት ሦስተኛዋ ነጥብ ይህች ናት። ወርቅአየሁ ብረቱን አልጣለም፣ ግን ከመንገዱ ፈቀቅ አለ። ከኋላው የነበሩትም ፈቀቅ አሉ።

ሽታዬ ግቢ ስንደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። «ማነው?» አለች ሽታዬ። «አድማሴ ነኝ፤ ቆፋሪዎቼን ልወስድ ነው» አሏት። በሩ በጥቂቱ ተከፈተ፤ ሽታዬ በሁለት እጇ ዘነዘና ይዛለች። «ከነሱ አንዱን የነካ መጀመሪያ ይህን ይቀምሳል» አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ! አራቱ ልጆች ከኋላዋ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የጥሩምባውን ለፈፋ ሰምተውታል። አበረ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ውጭ ናቸው?»

«ውጭ ናቸው።»

«እንወጣለን?»

«ትወጣላችሁ። ዶማና አካፋ ያዙ። ከኔ ኋላ አትራቁ።»

አበረ ወደ ጥጉ ሄደ። «ይኸነው ባትሪዬን ሠርቶልኛል» አለ፤ «ምንም አላስከፈለኝም።» ዶማውን ከጥግ አነሳ።

ከዚያ ግቢ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ በቀን ሁለቴ እመላለስበታለሁ፣ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ከፊት ጋሼ አድማሴ ጥሩምባቸውን እንደያዙ፣ ቀጥሎ አራቱ ዶማና አካፋ ተሸክመው፣ ከኋላ ሽታዬ ከነዘነዘናዋ፣ እኔ ከነመዝገቤ። ግራና ቀኙ ሰው ነው። አንድ ሰው ተፋ፣ ሌላው የቆላ ሰው የሚሰደብበትን ያንን የድሮ ስድብ ተሳደበ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውብአየሁ እንስራ ውኃ አዝላ ብቅ አለችና ምንም ሳትናገር ከአበረ ጎን መራመድ ጀመረች። ያቺ ቤቷ የተቃጠለባት ሴት መሆኗን የማያውቅ ስለሌለ ስድቡ በረደ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንስ ዛፍ ሥር ያለው መሬት ጥቂት ዝቅ ሲሉ አለት ነው። የኛ ሰው ቢሆን ቦታ እንቀይር ይል ነበር። እነሱ ግን ሥራቸው ድንጋይ ነው፤ እየፈለጡ ወረዱ። ጋሼ አድማሴ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድም ጊዜ አልተነሱም። ወጣቶቹ ራቅ ብለው ቆመው ያያሉ። ሰባት ሰዓት ገደማ ከመካከላቸው ሁለቱ መቆሙ ሰልችቷቸው ይሁን አፍረው አላውቅም፣ መጥተው አካፋ ተቀበሉ። ወርቅአየሁ አልመጣም፤ ብረቱን ብብቱ ሥር ይዞ፣ እጁን አጣጥፎ ቁፋሮው እስኪያልቅ ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አስከሬኑ ደረሰ። እናቱ እትዬ እንቁ አብረው ናቸው፤ ጫግኒ ድረስ ወርደው ነው ይዘውት የመጡት። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። ጸሎቱ ተደርሶ ሳጥኑ ሲወርድ ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። ግድግዳው እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተጠርቧል። ቀና አሉና ወንድማቸውን በአውንጊ ጠየቁ፤ «ይህን ለልጄ ማን ቆፈረለት?»

አውንጊ የሚሰማው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ያልሰማውም ከጎኑ ካለው ሰው ወዲያው ሰማ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በኚህ ሴት እጅ ነው፤ አንዲት እሪታ ብትወጣቸው ጥሩምባም ደንብም አይመልሰውም። ወርቅአየሁ የተጣጠፉ እጆቹን ፈታ።

«የሰፈራችን ልጆች ናቸው» አሉ ጋሼ አድማሴ። «ያ አበረ ይባላል። ከቆላ ነው የመጡት። ጉሙዞች ናቸው።» አልደበቁም፤ ሊደብቁ ይችሉ ነበር።

እትዬ እንቁ ረጅም ጊዜ አዩት። አበረ አንገቱን ደፍቷል፣ መዳፉ ተልጦ ደም አዝሏል። ሰው መንገድ ከፈተላቸውና ሄደው ፊቱ ቆሙ። ሁለቱን እጆቹን ያዙና ገልብጠው አዩአቸው። ከዚያ፣ ቀኑን ሙሉ በአውንጊ ሲያለቅሱ የዋሉት ሴት፣ እሱ እንዲሰማቸው ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

«ክፉ አይንካህ ልጄ» አሉት።

ይህ ቃል አዲስ አይደለም፤ ለቆፋሪ ሁሉ እንለዋለን። አበረ ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቀና ብዬ ወርቅአየሁን ፈለግኩት። ብረቱ ዛፉ ሥር ወድቋል፤ እሱ ከሰው መካከል ገብቶ አፈር እየመለሰ ነበር። ዛሬም አንቀጽ ሰባትን አይወደውም፣ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ይቃወማል። በክረምቱ አባቱ ሲያርፉ የቆፈሩላቸው ግን አበረና ሌሎች ተረኞች ናቸው፤ እኔም ማንንም አልዘለልኩም።

ቀብሩ አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር ጋሼ አድማሴ ከድንጋዩ ላይ አልተነሱም። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ከማለዳ ጀምሮ ዓይናቸው እንደደረቀ ነው።

«መምህር» አሉኝ፣ «ደንቡ የሚለውን ሁሉ ፈጸምኩ?»

«ፈጽመዋል ጋሼ። አንዲት ቃል አልጎደለም።»

«አልጨመርኩምም?»

«አልጨመሩም።»

ጥሩምባውን ከጎናቸው አንስተው በእጄ ሰጡኝ። «በል ያዝልኝ። አሁን ላልቅስለት» አሉ።

ያን ድምፃቸውን ለቀቁት። ከወንዙ ማዶ የደረሰው ሰው ሁሉ ሰምቶ ተመለሰ፤ አበረና ጓደኞቹ ከነዶማቸው፣ ውብአየሁ ከነባዶ እንስራዋ፣ ወርቅአየሁም ጭምር። በዚያን ቀን ሰፈሩ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰበሰበው ጥሩምባ ሳይነፋ ነው።